ራሱም እግሩም ሥራ ያለበት ፊደል

የላቲን ፊደል አታሚዎች «ስላብ ሰሪፍ» ብለው የሚጠሩት አንድ የፊደል ወገን አለ። ሰሪፍ ማለት በፊደሉ ጫፍ፣ አናቱ ወይም እግሩ ዘንድ፣ ወደ ጎን የምትዘረጋ ትንሽ መስመር ናት። በተለመዱት የመጽሐፍ ፊደሎች ላይ ይህች መስመር ቀጭን ስለሆነች ዐይን ሳያስተውላት ያልፋል። በስላብ ሰሪፍ ላይ ግን ወፍራም፣ ማዕዘኗ የቆመ፣ ከፊደሉ ምሰሶ ጋር በክብደት የምትወዳደር ናት። ፊደሉ ከባድ የወታደር ጫማ አጥልቆ የቆመ ይመስላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ባለ ጫማ ፊደል» እያልሁ እጠራዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያለው አንባቢ የራሱን ይተካ።

ይህ ፊደል የተወለደው ለንደን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1815 ገደማ ቪንሰንት ፊጊንስ የተባለ ፊደል ቀራጭ የመጀመሪያውን ናሙና «አንቲክ» ብሎ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ገበያው «ኢጂፕሺያን»፣ ግብጻዊ፣ አለው። ከግብጽ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ወደ ግብጽ ከዘመተ ወዲህ አውሮፓ በፒራሚድና በሐውልት ፍቅር ስላበደች፣ ግዙፍና ደንዳና የሆነ ነገር ሁሉ የግብጽ ስም ይሰጠው ነበር። የአውሮፓ አታሚዎች ከሩቅ አገር ስም ሲዋሱ ብዙ አይጠነቀቁም። የእኛኑ የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ያተመው ዮሐንስ ፖትከን እንኳ ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ነው የጠራው።

ባለ ጫማው ፊደል የተፈለገው ለመጽሐፍ አልነበረም። ፋብሪካው፣ ሎተሪው፣ ቴአትሩና የባቡር ኩባንያው ከግድግዳ ላይ ሆኖ መንገደኛን የሚጠራ ፊደል ፈለጉ። ቀድሞ ፊደል በእጅ ተይዞ በቅርብ የሚነበብ ነበር፤ አሁን ከመንገድ ማዶ መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1845 ሮበርት ቤስሊ «ክላረንደን» የተባለውን አወጣ፤ ይህ ደግሞ ጠቃሚ ሥራ አገኘ። በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ የሚፈታው ቃል ከፍቺው ተለይቶ ደመቅ ብሎ እንዲታይ ያደርግ ጀመር። ቤስሊ ለሦስት ዓመት የሚጸና የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር፤ ዓመታቱ እንዳለቁ ሌሎቹ ቀራጮች ተሻምተው ቀዱት። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 «ሜምፊስ»፣ በ1934 «ሮክዌል» መጡ። የጽሕፈት መኪናም ባለ ጫማውን ፊደል ወደደው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በጽሕፈት መኪና ላይ ፊደል ሁሉ እኩል ስፍራ ይይዛል። ከላቲን ፊደሎች እንደ ክር የቀጠኑት በሰፊ ስፍራ መካከል ብቻቸውን ሲቆሙ ግራና ቀኛቸው ባዶ ይሆናል፤ ሰፊ ጫማ ሲያደርጉ ግን ስፍራቸውን ይሞላሉ። በ1950ዎቹ ለአይቢኤም መኪናዎች የተሣለው «ኩሪየር» በዚህ ዘዴ የታወቀ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው አፍንጮ በር ላደገ ሰው ባለ ጫማ ፊደል ሩቅ ነገር ስላልሆነ ነው። ከሰፈራችን ወርዶ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ፒያሳ የሚወጣ ሰው መንገዱን ሁሉ ታፔላ እያነበበ ይሄድ ነበር። ልብስ ሰፊው፣ ፎቶ ቤቱ፣ ወርቅ ቤቱ፣ ሁሉም ስሙን ሁለት ጊዜ ጽፏል፤ ባንዱ መስመር አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ። የእንግሊዝኛው ፊደል ብዙ ጊዜ ባለ ጫማ ነበር። ታፔላ ጻፊው በጠፍጣፋ ብሩሽ ላሜራው ላይ ምሰሶውን ያወርድና ከላይና ከታች ሁለት ድፍን መስመር ይደፋበታል፤ አለቀ። አማርኛው ጋ ሲደርስ ግን እጁ ይለዝባል። ሁለቱ መስመሮች እኩል እንዲከብዱ ባለ ሱቁ ይፈልጋል፤ ታፔላ ጻፊውም ፊደሉን ያወፍረዋል፣ ምሰሶውን ያሰፋዋል፣ ጥላ ይሠራለታል። ጫማ ግን አያደርግለትም። ልጅ ሳለሁ ይህ የችሎታ ማነስ ይመስለኝ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አሮጌዎቹ ቤቶች በብዛት ሲፈርሱ ከታፔላዎቹም ብዙዎቹ አብረው ወረዱ፤ ከመውረዳቸው በፊት ደጋግሜ ያየኋቸው ግን ነገሩ ሌላ መሆኑን አስተምረውኛል።

የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋን የፊደል ገበታ በእንጨት እየጠቆመ ያነበበ ሰው ሁሉ የሚከተለውን ያውቀዋል፤ ስም ሰጥቶ አላሰበበት ይሆናል እንጂ። «በ» ሁለት እግር አለው። በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ትንሽ መስመር ብትጨምር «ቡ» ይሆናል። ያችኑ መስመር ወደ ታች አውርደህ ከእግሩ ጫፍ ብታስቀምጣት «ቢ» ይሆናል። መስመሯን አጥፈህ ቀለበት ብታደርጋት «ቤ» ነው። ካዕብ፣ ሣልስና ኀምስ የሚለዩት በዚህች የጣት ጥፍር በምታህል ነገር ነው። እንግዲህ በላቲኑ ልማድ ለ«በ» ጫማ እናድርግለት። በቀኝ እግሩ ጫፍ ላይ ወደ ጎን የወጣ ወፍራም መስመር አደረግን ማለት ነው። ይህ ደግሞ «ቢ» ነው። የበላ ሰው ቢላ ሆነ።

አናቱስ? ከእግር ብንሸሽ ወደ ራስ እንውጣ ይል ይሆናል ሠዓሊው። እዚያም ባለቤት አለ። ከግዕዝ የጎደሉትን የአማርኛ ድምፆች ለመጻፍ ሊቃውንቱ አዲስ ፊደል አልፈጠሩም፤ ያሉትን ፊደላት ራስ አስጌጡ እንጂ። «ሰ» አናቱ ላይ መስመር ሲደፋበት «ሸ» ሆነ፤ «ነ» «ኘ» ሆነ፤ «ተ» «ቸ»፣ «ከ» «ኸ»፣ «ዘ» «ዠ» እንዲሁ። ስለዚህ ለ«ሰማ» ኮፍያ ያደረገ ሠዓሊ «ሸማ» ጽፏል። በላቲን ፊደል አናትና እግር ላይ ያለች መስመር ጌጥ ናት፤ ብትኖርም ባትኖርም ቃሉ ያው ቃል ነው። በእኛ ፊደል ግን የራሷ መስመር ተነባቢውን፣ የእግሯ መስመር አናባቢውን ትናገራለች። ለጌጥ የተረፈ ባዶ ቦታ የለም። ታፔላ ጻፊው እጁ የለዘበው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ነገሩ የቅርጽ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል በቤታችን የሆነውን ላውጋ። ወንድ አያቴ በንጉሡ ዘመን በጽሕፈት መኪና ያስጻፉት አንድ ወረቀት ነበር። ዋናው ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ጠፍቶ በእጃችን የቀረው የካርቦን ግልባጩ ነው። ወረቀቱ የጓሮውን ክፍል ለታናሹ አጎቴ ስለማስተላለፍ ይናገራል፤ የሚያስተላልፈው ቃል «ሰጥቻለሁ» ይሁን «ሸጥቻለሁ» ግን አይለይም። ከመጀመሪያው ፊደል አናት ላይ አንዲት ሐምራዊ ጭረት አለች። መስመር ናት? ወይስ የካርቦን እድፍ? አያቴ ካረፉ በኋላ ነገሩ ከባድ ሆነ። ተሰጥቶት ከሆነ ክፍሉ የውርስ ድርሻው ነውና ከዋናው ቤት አይካፈልም፤ ተሸጦለት ከሆነ ግን በገንዘቡ የገዛው ነውና ከቀሪውም ድርሻ አለው። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት፤ መነጽር እየተቀባበሉ አዩት። በመጨረሻ አንደኛው አባት ጭረቷን ትተው ወደ ታች አነበቡ። የተሸጠ ነገር ዋጋ ይጠራበታል፤ በዚህ ወረቀት ላይ አንድ ብር እንኳ አልተጠራም አሉ። «ሰጥቻለሁ» ተባለ። ታናሹ አጎቴ ፍርዱን ተቀበለ፤ «መስመሯ ግን ነበረች» ማለቱን እስኪሞት አልተወም።

የግዕዝ ፊደል ወደ ብረት ሲገባ ይህ ችግር አብሮት ገብቷል። ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን ሲያትም የፊደሉን መልክ የወሰደው በዚያ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ከመጽሐፎቻቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን፣ በቫቲካን የኢትዮጵያውያን ማረፊያ በሆነው በቅዱስ እስጢፋኖስ ሆነው ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ፊደሉን የሚደረድሩት ሠራተኞች ግዕዝ አያነቡም ነበር፤ አባ ተስፋ ጽዮንም ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። እኔ ይህን ይቅርታ በቀላሉ አላልፈውም። የላቲን ፊደል የማያነብ ሠራተኛ ላቲንን ሲደረድር አንዱን ፊደል በሌላ ሊቀይር ይችላል፤ ግዕዝ የማያነብ ግን ቆሻሻ መስሎት አናባቢን ጠርጎ ሊጥል፣ ወይም የቀለም ጠብታን አናባቢ ሊያደርግ ይችላል። ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ሲያሳትም ደግሞ ባለ ኮፍያዎቹ የአማርኛ ፊደላትም ብረት ሆነው ማስፈለጋቸው ግድ ሆነ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ አእምሮ ጋዜጣ መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ይወጣ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዚያው ስም የተጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። ከአፍንጮ በር አራት ኪሎ ድረስ በእግር የሚሄድ ሰው ማተሚያ ቤቱ ሩቅ አይሆንበትም። በዚያ ዘመን ፊደል ለቃሚ የሚባለው ሠራተኛ ከፊቱ የተደረደረው ሣጥን የዋዛ አልነበረም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። የላቲን ለቃሚ ግን ትልቁንና ትንሹን ደርቦ ሃምሳ ሁለት ፊደል ይበቃዋል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ለብቻው የተቀረጸ ብረት ስለሆነ «በ» እና «ቢ» በሁለት የተለያዩ ጉድጓዶች ይተኛሉ። ብረቱ በተደጋጋሚ ሕትመት ሲዶለዱም አስቀድሞ የሚጎዳው ወጣ ያለው ቀጭን ነገር ነው። ያ ደግሞ የሣልሱ እግር ነው።

ኢንጅነር አያና ብሩ ከጣልያን ወረራ በፊት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ጥያቄ ከዚህ የባሰ ነበር። መኪናው ያለው አርባ ጥቂት ቁልፍ ነው። 231 ፊደል በአርባ ጥቂት ቁልፍ አይገባም። መፍትሔው ፊደሉን መበተን ሆነ። ግንዱ ለብቻው ይመታል፤ ከዚያ እግሩ፣ ቀለበቱ ወይም ክንዱ በሌላ ቁልፍ ይታከልበታል። በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የገቡት የኦሊቬቲ መኪናዎችም በዚሁ መንገድ ሠርተዋል። በታይፕ የተጻፈ አሮጌ የአማርኛ ደብዳቤ ያላችሁ አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ እግሩ ከግንዱ ሳይገጥም ትንሽ ፈንጠር ብሎ የቆመበት ፊደል አይጠፋም። የላቲኑ የጽሕፈት መኪና ክፍተት ለመሙላት ለፊደሎቹ ጫማ ጨመረ። የእኛው መኪና እግሩን ከሰውነቱ ነቅሎ ቁልፍ ላይ አኖረው። አናባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን የቻለ ብረት ሆነ። ይህን ሳስብ፣ ከአክሱሙ ዒዛና በፊት የነበረው አናባቢ አልባ ጽሕፈት ትዝ ይለኛል፤ በአራተኛው ምዕት ዓመት ከተነባቢው ጋር የተጋባው ምልክት ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በኋላ በጸሐፊዋ ጣት ሥር እንደገና ተለየ።

አንድ ነገር ግን ጫማም ኮፍያም አድርጎ ይኖራል፤ ቁጥራችን። ፩፣ ፪፣ ፫ን ተመልከቱ። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ድፍን መስመር አላቸው። የለንደኑ ፊጊንስ ቢያያቸው የእኔ ሥራ ናቸው ይል ነበር። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የግዕዝ ቁጥሮች ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸው፤ ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ። ግሪኮች ፊደልን ለቁጥር ሲጠቀሙ፣ ይህ ፊደል አይደለም ቁጥር ነው ለማለት መስመር ያኖሩበት ነበር። የእኛ ጸሐፍት መስመሩን ከላይም ከታችም አደረጉ፤ ከጊዜ በኋላ ከቁጥሩ ጋር ተጣብቆ አካሉ ሆነ። እዚህም መስመሯ ሥራ ፈት አይደለችም። በብራና ላይ ብዙ ጊዜ በቀይ ትሰመራለች፣ ጥቁሩ ቁጥር በመካከል ይቀመጣል።

ቀዩን ካነሣን አይቀር፣ ባለ ጫማው ክላረንደን በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ የሠራውን ሥራ በእኛ ዘንድ ሲሠራ የኖረው ቀይ ቀለም ነው። የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችን፣ የጻድቃን ስም፣ የምዕራፍ መግቢያ በቀይ ይጻፋል። ፊደሉ ሳይወፍር፣ ሳይዘም፣ ቃሉ ከሌላው ይለያል። ጋዜጣ በጥቁር ብቻ ሲታተም ይህ መሣሪያ ጠፋ፤ አርእስት የሚያደምቅ ወፍራም ፊደል የተፈለገውም ያን ጊዜ ነው። የወፈረ ፊደል ምሳሌ ደግሞ በቤታችን ነበረ። በጎንደር ዘመን፣ በአሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት፣ ጸሐፍት «ጉልሕ» የሚባለውን ትልቅና ሙሉ አጣጣል አዳብረዋል፤ ለዕለት ንባብና ለትንንሽ መጻሕፍት የሚሆነው ቀጭኑ «ረቂቅ» ይባላል። የጉልሕ ክብደት ከመቃ ብርዑ ስፋት የሚመጣ ነው። ምሰሶው ሰፊ ነው፣ ማያያዣው ቀጭን ነው፣ የእግሩ ጫፍ እንደ ብርዑ አቆራረጥ ሰያፍ ነው። ወደ ጎን የወጣ ነገር ስለሌለው፣ የሣልሱ እግር ስትወጣ ከሩቅ ትታያለች። ለታፔላ የሚሆን ፊደል የሚፈልግ ሠዓሊ ከለንደን በፊት እዚያ መሄድ ነበረበት ብዬ አምናለሁ፤ የፒያሳ ታፔላ ጻፊዎች ብራና አይተው ይሁን በእጃቸው ልማድ፣ ጥላውንና ቀለሙን ትተን ምሰሶውን ብቻ ካየን፣ ሥራቸው ከጉልሕ የራቀ አልነበረም።

ኮምፒዩተር ሲመጣ የብረቱም የቁልፉም ጣጣ ቀለለ። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን ሲቀበል፣ «በ» እና «ቢ» እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር ይዘው ገቡ፤ እግር ከግንድ የሚነቀልበት ዘመን አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የወጣው የጆን ሃድሰን «ኒያላ» በብዙ ቤት የአማርኛ መደበኛ መልክ ሆነ። ግን አዲስ ፈተና ተተካ። የባነር ማተሚያው ልጅ አጭር ስም ረጅም ላሜራ እንዲሞላለት ፊደሉን በማውዝ ይዞ ወደ ጎን ይጎትተዋል። የቆመው ምሰሶ ይወፍራል፤ የተጋደመችው የእግር መስመር ግን ትረዝማለች እንጂ አትወፍርም። ከሩቅ የሚታየው ምሰሶው ብቻ ይሆንና አናባቢው ይጠፋል። አሮጌው ታፔላ ጻፊ በብሩሽ ሲያወፍር ሁለቱንም እኩል ያወፍር ነበር።

የጉግል «ኖቶ» ፊደላት ለግዕዝ ሁለት ስም አውጥተዋል፤ አንዱ «ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ»፣ ሌላው «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ»። ክፍፍሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ «ሳንስ» ማለት በፈረንሳይኛ «ያለ» ነው፣ ያለ ሰሪፍ። በመጀመሪያው ምሰሶው ይወፍራል፣ ማያያዣው ይቀጥናል፣ የብርዕ ወዝ አለው፤ ሁለተኛው ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው ነው። በሁለቱም «ቢላ» ብዬ ጻፍሁና ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። «ያለ» የተባለው ፊደል ላይም እግሯ ከነሙሉ ውፍረቷ ቆማለች።